ስንት ናችሁ?

አዚዛ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ አጥታለች። የመን ውስጥ ባለው በሰላሕ አድ-ዲን ሰፈር ሕዝብና ቤት የሚቆጠርበት ቀን ነው። ቆጣሪዋ ከላይኛው ረድፍ ጀምራ በየበሩ ቁጥር እየጻፈች ትወርዳለች መባሉን ከሰማች ወዲህ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠርጋዋለች፤ አሁን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ መጥረጊያ አንስታለች።

ያስጨነቃት የጓሮው ክፍል ውስጥ ያለው ኸይሩ ነው። ኸይሩ የወንድሟ ልጅ ነው፤ ከወሎ ተነስቶ ባሕር ተሻግሮ ከመጣ ሦስት ወሩ። ዓሣ ማራገፊያው ላይ ሣጥን ይሸከማል። ጓደኞቹ ወደ ሳዑዲ እንሂድ እያሉ ሲጨቀጭቁት «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ብሎ ይቀልድባቸውና ይቀራል።

ሰፈሩ ግን ዘመድነቱን አያውቅም። አዚዛ በአባቷ የመናዊት ናት፤ በእናቷ ሐበሻ መሆኗን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ዘንድሮ ደግሞ የባሰ ምክንያት አገኘች፦ የሰፈሩ ሹም፣ ዓቂል የሚሉት ሰላህ፣ ሴት ልጇን ለልጁ ጠይቋል። ሰላህ ዘር ቆጣሪ ሰው ነው። ስለዚህ ኸይሩን ለጎረቤቱ ሁሉ «አጂር ነው፣ የቀን ሠራተኛ» ብላ አስተዋውቃዋለች። አይፈረድባትም ልል ነበር፤ ይፈረድባታል።

ቆጣሪዋ ረፋድ ላይ ደረሰች። ኸውላ የምትባል ወጣት አስተማሪ ናት፤ ባጅ አንጠልጥላለች፣ ትልቅ ደብተር ታቅፋለች። ከኋላዋ ራሱ ሰላህ ይከተላል፤ ቤት ለቤት መምራት የዓቂል ሥራ ነው። ኸውላ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የባልየውን ሥራ ጠየቀች። አዚዛም ባሏ ዓሣ አጥማጅ እንደሆነ፣ ዛሬም ባሕር ላይ እንደዋለ ነገረቻት። ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ መጣ።

«ያ ኻላ፣ ኡስራው ስንት ነው?»

ያ ኻላ አክስቴ ሆይ ማለት ነው፤ ኡስራ ደግሞ ቤተሰብ። አዚዛ ሰላህን ሰረቅ አድርጋ አየችው።

«ሦስት» አለች። «እኔ፣ ባሌና ልጃችን።»

ሰላህ የጓሮውን ክፍል በአገጩ እያሳየ «እዚያ ያለውስ ልጅ?» አለ። አጂር ነው፣ ማደሪያው ሌላ ቦታ ነው ብላ መለሰችለት፤ ድምፅዋንም አልቀነሰችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው የሚለውን ተማምና ይሆናል። ኸውላ መዝግባ፣ በሩ ላይ ቁጥሩን ጽፋ ወደ ቀጣዩ ቤት አለፈች።

አዚዛ እፎይ ብላ ለኸይሩ ሻይ አፍልታ ይዛለት ብትሄድ ክፍሉ ባዶ ነው። ልብሱን የሚይዝበት ፌስታልም የለም። መጀመሪያ ሳቀች። አረብኛው ገና ነውና ኡስራን እስር ብሎ ሰምቶት፣ ሊወስዱት የመጡ መስሎት እግሬ አውጪኝ ብሏል ማለት ነው። ሞኝ፣ አለች በሆዷ። ከዚያ ጓደኞቹ ዛሬ ወደ ሳዑዲ እንደሚነሡ ትዝ አላትና ሳቋ ጠፋ። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ አስፋልቱ ሮጠች።

መንገዱ ዳር አለባቸው የሚባለው የኸይሩ ጓደኛ መኪና ያጥባል። ልጆቹ በፒካፕ ከሄዱ ግማሽ ሰዓት እንዳለፋቸው፣ ኸይሩም መጨረሻ ላይ ደርሶ እንደተሳፈረ ነገራት። አዚዛ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ኡስራ የሚለውን ቃል ተሳስቶ ሰምቶት ነው፣ የሚያስረው የለም፣ እባክህ የሚደርስበት ሰው ፈልግልኝ አለችው።

አለባቸው ጨርቁን ጨመቀ።

«እትዬ አዚዛ፣ ኸይሩ ኡስራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ‹ሦስት ነን አለች› ብሎኝ ነው የሄደው።»

አዚዛ በዕድሜዋ እንደዚያ አፍራ አታውቅም። ወደ ሰፈሩ ተመለሰች፤ ኸውላንም ከእሷ ቤት ሦስተኛው በር ላይ አገኘቻት።

«አራት ነን» አለቻት።

ሰላህ ቀና አለ። ኸውላ አልተቆጣችም፤ በቆጠራው ሌሊት ቤቱ ያደረ ሁሉ ይቆጠራል ብላ ደብተሩን መልሳ ገለጠች። ስሙን ጠየቀች፤ ኸይሩ አለች። የአባቱንስ?

«ደስታው። ወንድሜ ነው፣ የእናቴ ልጅ።»

ይሄ የየት አገር ስም ነው ሲል ሰላህ ጣልቃ ገባ። የሐበሻ ነው፣ እናቴ ሐበሻ ናት አለችው። ኸውላ ጽፋ ስትጨርስ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች፤ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ጠየቀች።

አዚዛ አታውቀውም። ሦስት ወር አብሯት ሲኖር አንድ ቀንም ጠይቃው አታውቅም።