ለእንግዳ የታጠፈ እግር

ቪሊማይና የዚያን ቀን ጠዋት ያደረገችውን እስክትሞት አትረሳውም። እንግዳ ይመጣል ተብሏልና ቤቱን ጠረገች፣ አዲሱን ምንጣፍ አነጠፈች፣ ከዚያም መግል የነካውን የባሏን ፋሻ ከገመድ ላይ ሰብስባ አልጋ ሥር ወሸቀችው። ክራንቹንም ጓሮ ደበቀችው። ምን ታድርግ? በዚያ መንደር እንግዳ የቤት ገመና ካየ የሚዋረደው ቤቱ ብቻ አይደለም።

እንግዳዋ ግን የምትመጣው ገመናውን ልታይ ነበር! ሲስተር ኡርሚላ ትባላለች፤ ከዋና ከተማው ከሱቫ፣ ከቀድሞ ወታደሮች ቢሮ። የቪሊማይና ባል አፒሳሎሜ በወጣትነቱ ሊባኖስ ሰላም ሊያስከብር ሄዶ፣ ፈንጂ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወስዶበታል። የተሰጠው ሰው ሠራሽ እግር አርጅቶ ጉማጁን ይልጠው ጀመር፤ ቁስሉም አልድን ብሎ ከረመ። የጤና ጣቢያው ሐኪም "አዲስ እግር ካልተሠራለትና ነርስ እየመጣች ካላየችው ጉልበቱም አይተርፍም" ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ሁለቱንም የሚፈቅደው ቢሮው ነው፤ ቢሮው ደግሞ የሚያምነው ሲስተር ኡርሚላ በዓይኗ ያየችውን ብቻ ነው።

"ዛሬ እንዳትኮራብኝ" አለችው ፀጉሩን የኮኮናት ዘይት እየቀባችው። "መታጠቢያ ቤት በዳዴ እንደምትሄድ ንገራት። ቁስሉን አሳያት።"

"እሺ አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልማልልሽ?"

"ለእኔማ እሺ ትላለህ። ሰው ፊት ስትሆን ግን ሌላ ሰው ነህ።"

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ነገሩ በሦስት ሰው ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን መንደር መንደር ነው፤ ከሱቫ እንግዳ መጣች ሲባል ማን ቤቱ ይቀመጣል? የአፒሳሎሜ አጎት ራቱ ኔማኒ፣ የመንደሩ አለቃ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገቡ። ለእንግዳ ክብር የሚጠጣው የሥር መጠጥ፣ ያንጎናው፣ በትልቁ የእንጨት ገበቴ ተበጠበጠ። ወንዶቹ ሁሉ ምንጣፉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። በአለቃና በእንግዳ ፊት እግር መዘርጋት ስድብ ነው፤ አፒሳሎሜም የፕላስቲክ እግሩን በእጁ ጎትቶ ሽርጡ ሥር አጠፈው። ቪሊማይና ከሴቶቹ ጋር በሩ አጠገብ ሆና ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየች።

"እርስዎ እንደተመቸዎት ይቀመጡ፤ እግርዎን ይዘርጉት" አለችው ሲስተር ኡርሚላ።

"ኧረ ተመችቶኛል!"

"ይሄ?" ብለው ሳቁ ራቱ ኔማኒ። "ይሄ እኮ ብረት ነው! በአንድ እግሩ የኛን ጎረምሶች ያስንቃል። በል ልጄ፣ ጽዋውን አንተው ስጣት።"

ጉድ ፈላ። ጽዋ የሚያቀርብ ሰው ጎንበስ ብሎ ሄዶ፣ እንግዳው ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠብቆ ያጨበጭባል። አፒሳሎሜ ጥርሱን ነክሶ ተነሳ። ጽዋውን ጠብ ሳያደርግ ወሰደ፣ ቁጢጥ አለ፣ አጨበጨበ፣ ፈገግ ብሎም ተመለሰ። ቪሊማይና ልትጮህ አፏን ከፈተች። ግን ምራት በባሏ ሽማግሌዎች መሃል፣ ያውም ያንጎና እየተጠጣ፣ አትናገርም። መልሳ ዘጋችው።

"ሕመም አለዎት?" አለች ሲስተር።

"አልፎ አልፎ። ብርድ ሲሆን።"

"ቁስሉን ልየው? ለብቻችን ብንሆንስ?"

አፒሳሎሜ አጎቱን አየ። ምግቡ ቀርቧል፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። "ድኗል እኮ፤ ምን ያለፋዎታል? ይልቅ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ይብሉ።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተረቱን የማያውቅ የለም፤ ይሉኝታ ሲመጣ ግን የሚያስታውሰው የለም።

ሲስተር ኡርሚላ ተሰናብታ መኪናዋ ሲነሳ ቪሊማይና ሮጣ ደረሰችባት። "ሲስተር! ውሸቱን ነው! እግሩ እየበሰበሰ ነው!"

"እኔም ጠርጥሬ ነበር፣ እናቴ። እንመለስና ያሳየኝ።"

ተመለሱ። አፒሳሎሜ ወንዶቹን አስከትሎ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፣ ያለ ምርኩዝ። "ሚስቴ እኮ ፈሪ ናት፤ ዶሮ ብታስነጥስም ሐኪም ትጠራለች" አለ። ወንዶቹ በቀልዱም በእሷም ሳቁ።

ፋሻው አልጋ ሥር ነው። አልጋው ከመጋረጃው ጀርባ፣ መጋረጃው ደግሞ ከራቱ ኔማኒ ጀርባ። አለቃው ቤት ውስጥ እንደተቀመጡ በራሳቸው ላይ ተሻግራ፣ ያንን የሚሸት ጨርቅ ይዛ ልትወጣ? ሂጂ ሂጂ አላት ልቧ። እግሯ ግን ከደጃፉ አላለፈም።

ሲስተር ኡርሚላ ጠበቀቻት። ከዚያ በሐዘን "ያላየሁትን አየሁ ማለት አልችልም፣ እናቴ" ብላ ሄደች።

ሰው ሲበተን አፒሳሎሜ እዚያው ምንጣፉ ላይ ወደቀ። የፕላስቲኩን እግር ስታወልቅለት ደሙ አዲሱን ምንጣፍ አራሰው።

"ምነው? ምነው አፒሳሎሜ? ምለህልኝ አልነበር?"

"በአጎቴ ፊት?" አለ ዓይኑን ጨፍኖ። ዓይኑን ገልጦም፣ "አንቺስ ፋሻውን ለምን ደበቅሽው?"

ቪሊማይና አልጋ ሥር ገብታ ፋሻውን አወጣችው።

ቢሮው "ጤንነቱ ጥሩ ነው፤ ለጊዜው እርዳታ አያስፈልገውም" አለ። የክረምቱ ዝናብ ሳያባራ ትኩሳቱ አጣደፈው፤ ጎርፍ መንገዱን ዘግቶ ስለነበር በሰው ትከሻ ጀልባ ላይ አውጥተው ሱቫ አደረሱት። ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ሲስተር ኡርሚላ ሰምታ ሆስፒታል መጣች። ራቱ ኔማኒ አንገታቸውን ደፍተው አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አፒሳሎሜ እሷን ሲያይ ተንጠራርቶ ሊቀመጥ ታገለ፤ እጁን ወደ ግራ ሰደደ፣ የሌለ እግሩን ሊያጥፍ።

"ይቅርታ፣ ምንጣፍ እንኳን የለንም" አላት።

"ኧረ ይተኙ! እንዴት ነዎት?"

"ደህና ነኝ።"

"ደህና አይደለም!" አለች ቪሊማይና። ክፍሉ ውስጥ ያለ በሽተኛ ሁሉ ዞር አለ። "ያመዋል! ሲያለቅስ ነው የሚያድረው! ለእርስዎም፣ ለአለቃውም፣ ለማንም ደህና አይደለም!"

ራቱ ኔማኒ ቀና አላሉም፤ ዝም በይም አላሏት። አፒሳሎሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቪሊማይና አንሶላውን ራሷ ገልጣ ለሲስተር ኡርሚላ አሳየቻት። አሁን የሚታየው ብዙ አልነበረም።