የዕንባቆም ፓስወርድ

ባሌ ዕንባቆም ሰኞ ጠዋት ለሥልጠና ወደ ቦኖሻ ሲሄድ የማስተርስ ቴሲሴ ሳሎን ትቶት በሄደው በእሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። የእኔ ላፕቶፕ ያረጀ ስለሆነ ሁለት ዓመት የጻፍኩትን ሁሉ እዚያ አስቀምጬ፣ ሆሳዕና ቤታችን መኝታ ክፍል ቁጭ ብዬ በዋይፋይ እየከፈትኩ ነው የምሠራው። እስከ ዓርብ ለዩኒቨርሲቲው ካልላክሁት ዱራሜ ያገኘሁት የመምህርነት ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሊሄድ ሲል፣ እሑድ ዕለት፣ የኮምፒውተሩን ዊንዶውስ አፕግሬድ አድርጎት ነበር። ማክሰኞ ፎልደሩን ልከፍት ስል ጠይቆኝ የማያውቀውን ፓስወርድ ጠየቀኝ። ስደውልለት፣ ምንም ፓስወርድ አላወጣሁም፣ አፕግሬዱ አበላሽቶት ይሆናል፣ ቅዳሜ ስመለስ አየዋለሁ አለኝ። ቀኑ ዓርብ እንደሆነ ያውቃል እኮ። በቤት ለቤት ጸሎታችን ላይ ተነሥቶ ለርብቃ ቴሲስ ጸልዩልን ያለው ራሱ ነው። እኔ ሞኟ አመንኩትና ዊንዶውሱን ስረግም ሰነበትኩ።

ሁለት ቀን ታገልኩ። ዋይፋዩን አጥፍቼ አበራሁ፤ ሼሪንጉን ዘግቼ ከፈትኩ። ኮምፒውተሮቹ ይተያያሉ፣ ፎልደሩ ግን አይከፈትም። የልጃችንን ልደት፣ የሠርጋችንን ቀን፣ የስልኩን ቁጥር ሞከርኩ። ሐሙስ ከሰዓት ትዕግሥቴ አለቀና ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለፈትሁዲን ደወልኩ።

"እህቴ፣ አዲሱ ዊንዶውስ ፓስወርድ ይጠይቃል እንጂ ከራሱ አይፈጥርም" አለኝ። "ያወጣው ሰው አለ።"

ፓስወርድ የሚያወጣ ሰው ቢረሳው የሚያስታውሰው ማስታወሻ ካልጻፈ ዊንዶውሱ እንደማያሳልፈው፣ እኔም ከላፕቶፔ ሳይሆን እዚያው የዕንባቆም ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ አንዴ አሳስቼ ብጽፍ ማስታወሻው ከሥር እንደሚወጣ ነገረኝ። አሳስቼ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ወጣ፦ ርብቃ የማትጠራው።

የዶዮገና ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን አባት ስም አትጠራም። የዛሬዎቹ ትተውታል፣ ጓደኞቼም ይስቁብኛል፤ እኔ ግን በሰባት ዓመት ትዳር ውስጥ የአማቴን ስም ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ከሀቢቾ ለሕክምና ሲመጡ እንኳ ካርድ ክፍል ስማቸውን ስጠየቅ መታወቂያቸውን ነው የማሳየው። እሳቸው ይህን አይተው ልጄ ይሉኛል። ልጃቸው ደግሞ ያንኑ አይቶ ቁልፍ አደረገው። ዱራሜ አትሂጂ ቢለኝ ተጣልተን እንታረቅ ነበር። እሱ ግን ሰው ፊት እያስጸለየልኝ፣ በገዛ አክብሮቴ ዘጋብኝ። አለቀስኩ። ይበልጥ ያስለቀሰኝ ይህን ያህል ጠንቅቆ የሚያውቀኝ መሆኑ ነው።

የአማቴን ስም ፊደሎች አንድ በአንድ ነካሁ። ተከፈተ።

ቴሲሱን እዚያው ተቀምጬ ላክሁና ደወልኩለት። ከፍቼ ልኬዋለሁ አልኩት። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"የአባቴን ስም ጻፍሽ?" አለኝ፣ ተቆጥቶ። "እንዴት ብትደፍሪ ነው?"

"ጻፍኩት" አልኩት። "ቅዳሜ አባትህ ቤት ነኝ፣ ከቦኖሻ በቀጥታ ሀቢቾ ና። ለምን እንደጻፍኩት አንተው ትነግራቸዋለህ።"