የፈለቀ እናት

በጤና ጣቢያው ቁስል የሚያክመውና መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ፈለቀ ከሞተ ወዲህ ዲላ ውስጥ ስሙን የሚጠራ ሰው ጠፋ። ክፋት አልነበረም፤ አክብሮት ነው። ሚስቱ ፀዳለ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አቶ ጉግሳ የሟቹን ነገር ማንሳት ግድ ሲሆንባቸው «ያ ወንድማችን» ይሉና ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ። ጎረቤቶቿ ጨዋታቸው ወደ ጤና ጣቢያው ያመራ እንደሆነ፣ ፀዳለ አጠገባቸው መኖሯን ያስታውሱና ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራሉ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ከፊቷ የቆመች ሴት «ያ ድሬሰር ቢኖር ኖሮ» ብላ ስትጀምር፣ ባለሱቁ ሸምሰዲን በዓይኑ ጠቀሳት። ሴትዮዋ ጨዋታዋን ትታ ስለ ጨው ጠየቀች።

ፀዳለም ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገራለች? የባሌን ስም ጥሩልኝ ተብሎ ይለመናል?

ቤተ ክርስቲያንም አላገዘቻትም። እሷ ከሸዋ የመጣች ኦርቶዶክስ ናት፤ እሱ የጌዴኦ ልጅ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ። አብረው ሲኖሩ ይህ አልከበዳቸውም። እሷ ጾሟን ትጾማለች፣ እሱ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ መዝሙሩን ያዜማል፤ በጾም ቀን ሥጋ ቢያምረውም አይናገርም። ሲሞት ግን ነገሩ ተለየ። የንስሐ አባቷ፣ በእነሱ ሃይማኖት ያልነበረን ሰው በጸሎት ማሰብ እንደማይችሉ በትሕትና ነገሯት። የእሱ ጸሎት ቤት ሰዎች ደግሞ ለሞተ ሰው አይጸለይም አሉ። ሁለቱም እንደ እምነታቸው ነው፤ አልተቀየመቻቸውም። ስሙ ግን በሁለቱም ደጅ ሳይጠራ ቀረ። ልጅ ቢወልዱ ኖሮ፣ ከልጁ ስም ቀጥሎ በየቀኑ ትምህርት ቤት ከመዝገብ በተጠራ ነበር። አልወለዱም።

አንድ የቀረ ቦታ ነበር፤ ኢዲዶ፣ ከይርጋጨፌ አለፍ ብሎ፣ የእናቱ መንደር። በዚያ አገር ሴት ከወለደች በኋላ በራሷ ስም የሚጠራት የለም፤ የምትጠራው በበኩር ልጇ ነው። የእናቱንም የራሳቸውን ስም ፀዳለ ሰምታው አታውቅም። ለመንደሩ ሁሉ የፈለቀ እናት ናቸው። ከአጥር ወዲያ «የፈለቀ እናት፣ እሳት አለሽ?» ይባላል። «የፈለቀ እናት፣ ጥጃሽ እንሰቴን ጨረሰችው» ይባላል። የሚያዜሙ ሴቶች ወደ ጸሎት ቤት ሲያልፉ «የፈለቀ እናት፣ አትመጪም?» ብለው ይጣራሉ። ማንም ስለ ሟቹ አያስብም፤ ስም ነው፣ አፋቸው ለምዶታል። ፀዳለ ግን እያንዳንዱን ትሰማዋለች። ስትሰማ ፊትዋን ወደ ቡናው ዛፎች መለስ ታደርጋለች።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከዲላ በሎንቺና ይርጋጨፌ ትደርሳለች፣ ከዚያ በእግሯ ትሄዳለች። ሰው ሲጠይቃት የጤና ትምህርት ለመስጠት ነው ትላለች፤ ውሸት አይደለም። የመንደሩን ሴቶች ሰብስባ ስለ ፈላ ውሃ፣ ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ስለ ሕፃናት ዓይንና ዝንብ ታስተምራለች። አሰፋች የምትባል፣ ዲላ ከነጋዴ ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ታስተረጉምላታለች። አሰፋች ከተባለው ታሳጥራለች፣ ካልተባለው ትጨምራለች፤ ሴቶቹ የሚስቁት ብዙ ጊዜ በጨመረችው ነው።

ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ፣ ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል አሰፋች ራሷ ጠየቀች።

«አስተማሪዋ፣ የጤና ነገር ካነሳሽ አይቀር፣ የፈለቀ እናት ለምን እንዲህ ከሳች? የምትበላው አላጣችም።»

አማቷ፣ እማማ የምትላቸው፣ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጠው ነበር። ሁሉም ዞረው አዩዋቸው። ፀዳለ ልታስብበት ጊዜ አልነበራትም፤ አስተማሪ ደግሞ ተጠይቆ ዝም አይልም።

«ሐዘን ነው» አለች። «ሐዘን እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሐዘንተኛን፣ ሐዘኑን የሚያስታውሰው ነገር ደጋግመው ባያነሱበት ይበረታል።»

ከየት እንዳመጣችው ኋላ ስታስበው፣ ከመጽሐፍ አልነበረም። ዲላ ውስጥ በእሷ ላይ ሲደረግ የኖረውን ነበር የተናገረችው።

ከዚያ በኋላ የፈተና ጊዜ ደረሰና ወር ያህል ሳትሄድ ቀረች። ስትመለስ ኅዳር ነበር። ቡናው ቀልቷል፣ መንደሩ በለቀማ ላይ ነው፣ መንገዱ ሁሉ የቀይ ቡና ልጣጭ ይሸታል። ከግቢው ሳትደርስ ከላይኛው ቤት የሴት ድምፅ ሰማች።

«የደበበ እናት! የደበበ እናት!»

ደበበ የፈለቀ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከእናቱ ጎን ቤት ሠርቶ ይኖራል። ፀዳለ ሌላ ደበበ ይኖር ይሆን ብላ እያሰበች ገባች። እማማ ሰሌን ላይ ቡና ያሰጣሉ፤ ቀና አላሉም። አጠገባቸው የነበረች ሴት ትከሻቸውን ነካ አደረገቻቸው።

«እኔን ነው?» አሉ እማማ።

«አንቺን ነው እንጂ። ጆሮዋም ሊሄድ ነው መሰለኝ» አለች አሰፋች፣ ፀዳለን ልትስም እየተነሳች። «ሦስቴ ካልጠሯት አትሰማም። አስተማሪዋ፣ ምነው ጠፋሽ? ያልሽንን አደረግን እኮ።»

«ምን አልኩ?»

«ሐዘንተኛን አታስታውሱ አላልሽም? የጸሎት ቤቱ ሴቶች ተነጋገርን። የሞተውን ቀኑን ሙሉ ከምንጠራባት፣ በሕይወት ባለው ልጇ ትጠራ አልን። የተሳሳተች ከምንጩ አንድ እንስራ ውሃ ቀድታ ታመጣላታለች። በእንስራ ብዛት የእኔ አንገት ዞሮ አያይም አሁን፤ ምላሴ አልታዘዝ ብሎኝ።»

«ያመጣሽው ውሃ ግን አልፈላም» አለች አንዷ በተሰባበረ አማርኛ።

«እሱን ለአስተማሪዋ አትንገሪ።»

ሳቁ። ፀዳለም አብራ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ያዘጋጀችውን ትምህርት ጀመረች፤ ስለ ጎመን ነበር፣ ብዙ ሲቀቀል ጥቅሙ ከውሃው ጋር እንደሚደፋ። ስትናገር ጆሮዋ ወደ አጥሩ ነበር። አላፊ አግዳሚው ተጣራ፣ ሕፃናት ተጣሩ፣ አንዲት ሴት ወንፊት ፈልጋ መጣች። «የደበበ እናት፣ ወንፊትሽን።» ፀዳለ መሐል ላይ የምትለውን ረሳች። አሰፋች ግን አልጠበቀቻትም፤ ከራሷ ጨምራ ትምህርቱን ጨረሰችው።

ለምሳ ከእማማ ጋር ብቻቸውን ተቀመጡ። ቆጮና ጎመን ቀርቧል። እማማ ቆጮውን ይቆርሱና ወደ ፀዳለ ይገፋሉ፤ ወደ አፋቸው የሚሄደው ጥቂት ነው። ጉንጫቸው ባለፈው ካየችው ይልቅ ጎድጉዷል።

«ከስተዋል እማማ።»

«እድሜ ነው።»

«ይበላሉ?»

«አንቺስ?» አሉ፣ እጇን እያዩ። ፀዳለም ቁራሹን እንደያዘችው ነበር።

ልታልፈው ትችል ነበር። ተነስታ፣ ስማ፣ እስከ ሌላ ቅዳሜ ብላ። ግን ስሙ ካልተጠራ ሌላ ቅዳሜ ለምን ትመጣለች?

«እንዲህ መጠራቱን ወደዱት?» አለች።

የእማማ አማርኛ ከዲላ ገበያ የተለቀመ ነው። ጥቂት ነው፤ አያባክኑትም።

«ደበበም ልጄ ነው» አሉ። ቀጠሉና፦ «ያን ቀን ስትናገሪ ነበርኩ። ሴቶቹ ለእኔ መስሏቸዋል። እኔ ግን ለራስሽ እንደሆነ ገባኝ።»

«ለራሴ?»

«ስሙ ሲጠራ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ሁልጊዜ አያለሁ። ጎረቤት እኔን በጠራች ቁጥር ይቺን ልጅ ወጋቻት እላለሁ። አፍ አውጥተሽ አትናገሪም። በትምህርት አሳበሽ ተናገርሽው። እኔም እሺ አልኩ፤ መምጣት እንዳትተዪ ብዬ።»

ፀዳለ ቁራሹን አስቀመጠች። 

«የማዞረው ተወግቼ አይደለም። እንዳይታይብኝ ነው።»

«ምኑ?»

«ደስ ማለቴ።»

እማማ ቆጮውን መቁረስ ተዉ። በረንዳው ላይ ዶሮዎች ፍርፋሪ ፍለጋ ይተራመሳሉ።

«ዲላ ማንም አይጠራውም» አለች ፀዳለ።

«አንድም ሰው?»

«አንድም።»

«አንቺስ ለምን አትጠሪውም?»

«ማን አለና ልጥራው? ብቻዬን ነው የማድረው።»

አሮጊቷ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው የፀዳለን እጅ ያዙ። መዳፋቸው በቡና ጭማቂ ይጣበቅ ነበር። እሳቸውም ቢሆኑ፣ አሉ፣ በአዲሱ ስም ሲጠሩ የሰው ቤት የገቡ ይመስላቸዋል። ማታ ማታ ራሳቸውን በቀድሞው ስም ይጠሩና «አቤት» ይላሉ። ይህን ሲናገሩ አፈሩ።

«ንገሪያቸው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ብናገር አሮጊቷ ሐዘኗን ወደደችው ይላሉ። አንቺ ያሰርሽውን አንቺ ፍቺው።»

ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ቀዩን ቡና ከአረንጓዴው ይለያሉ። ደበበ የሞላ ቅርጫት በትከሻው ይዞ ደርሶ እያራገፈ ነበር። ፀዳለ ክፍል ውስጥ እንደምትቆመው ቆመች፤ ሌላ አቋቋም አታውቅበትም።

«ባለፈው የነገርኳችሁ ልክ አልነበረም» አለች።

«የቱ?» አለች አሰፋች። «የሽንት ቤቱ? እሱ ከሆነ ባሌ እልል ይላል፤ ጉድጓዱን ሲቆፍር ድንጋይ ገጥሞታል።»

«የሽንት ቤቱማ ልክ ነው። የሐዘኑን ነው።»

ሳቁ ቆመ። ፀዳለ ቀጠለች።

«ከዲላ ድረስ የምመጣው ለጎመን ብቻ አይደለም። እናንተ እማማን ስትጠሩ የፈለቀን ስም እሰማለሁ። ሌላ ቦታ አልሰማውም። እኔ የነገርኳችሁ እኔን የጎዳኝን ነው። ለእሳቸውም አልበጃቸውም፤ ታዩአቸዋላችሁ። እባካችሁ መልሱላቸው።»

 አሰፋች ወደ ጌዴኦኛ መለሰችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጨመረችበትም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ቡናውን በጣቷ እየገፋች ዝቅ ባለ ድምፅ «አዬ» አለች።

ደበበ ባዶውን ቅርጫት መሬት አስቀመጠ።

«እኔስ?» አለ።

ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፣ አልሆነለትም። «ለመድኩት እኮ። እሷን ሲጠሩ እኔ ከቡናው ውስጥ ቀና እላለሁ። ስሜ መንደሩን ሲዞር ደስ ይላል።»

«አንተ ሚስትህ ትጥራህ» አለች አሰፋች።

«እሷ የምትጠራኝ ስትቆጣ ነው።»

እማማ ከደጃፉ ሆነው በጌዴኦኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። ፀዳለ ቋንቋውን ለጉዳይ ያህል ትሰማዋለች፤ ይህን ግን ሁሉንም ሰማችው። «ልጄ፣ አንተ ስትመጣ እኔ እናት ሆኜ ነው የጠበቅኩህ። እናት ያደረገኝ እሱ ነው። አንተን ስጠራህ የምጠራህ ልትመጣልኝ ነው፤ ትመጣለህም። የእሱ ግን መጠራቱ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ደበበ ራሱን ነቀነቀ። «አውቃለሁ» አለ። «ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ ነው ያልኩት።» እናቱ ከአጠገባቸው ቦታ ለቀውለት ተቀመጠ፤ የተረፈውን ቆጮ ሰጡት፣ ተቀብሎ በላ።

አሰፋች አንገቷን እያሸች ወደ እማማ ተጠጋች።

«እንግዲህ የፈለቀ እናት፣ ያን ሁሉ እንስራ ውሃ መልሺልን።»

«አቤት» አሉ እማማ ወዲያው። «ጠጣሁት።»

ፀዳለ ፊትዋን አላዞረችም። ያዩዋት አዩዋት።

ጥላው ሲረዝም ደበበ እስከ አውራ ጎዳናው ሸኛት። መንገዱ ጠባብ ነው፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሄዱ። ብዙ ጊዜ አብረው ተጉዘዋል፤ ስለ ቡና ዋጋና ስለ መንገዱ ጭቃ እንጂ ስለ ሌላ አውርተው አያውቁም።

ጎዳናው ዳር ሲደርሱ ደበበ፦ «እትዬ፣ ወንድሜ...» ብሎ ጀመረና አቆመ።

«ስሙን ጥራው» አለች።

«ፈለቀ» አለ፤ ከዚያ ቀለለው። «ፈለቀ መርፌ ይፈራ እንደነበር ነግሮሽ ያውቃል?»

«እሱ? የከተማውን ሰው ሁሉ ሲወጋ አልነበረም?»

«ልጆች ሆነን የፈንጣጣ ከታቢዎች መጡ። ፈለቀ ዋንዛ ላይ ወጣ። እናታችን ከሥር ብትለምነው፣ ብትሳደብ፣ አልወርድም አለ። ከታቢዎቹ ደግሞ ሁለቱንም ወንዶች አምጪ አሏት። እኔ ተከትቤ እያለቀስኩ ስመለስ ጎትታ አዞረችኝና ሌላው ልጄ ይኸው አለቻቸው። እንባዬን በቀሚሷ ጠርጋ። አላወቁኝም።»

ፀዳለ ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ደበበ የግራ እጅጌውን እስከ ትከሻው ጠቀለለ። ሁለት ክብ ጠባሳዎች ጎን ለጎን አሉ፤ አንደኛው ትንሽ ያንሳል።

«ይቺ የእኔ ናት» አለ። «ይቺ የፈለቀ።»

ቀረብ ብላ አየቻት። ትንሿ ናት የእሱ። ቆዳው ዙሪያዋን ተጨማዶ መሐሏ ለስልሷል። ለመንካት አልደፈረችም፤ ዓይኗን ግን ቶሎ አላነሳችም።

ከገደብ ከተማ በኩል አቧራ ተነሳ። ሎንቺና ነበር፤ ጣራው ላይ ጆንያና ዶሮ ጭኗል። ደበበ እጅጌውን ሳይመልስ እጁን አነሳ፣ ሾፌሩም ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ይለፍ» አለች ፀዳለ።

«ይመሻል እትዬ።»

«ከገደብ ሌላም ይመጣል።»

ሎንቺናው አለፈ። አቧራው እስኪሰክን አፋቸውን ይዘው ቆሙ፤ ከዚያ ፀዳለ መንገዱ ዳር ካለች ድንጋይ ላይ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች።

«ዋንዛው ላይ ሆኖ ምን ይል ነበር?» አለች።

ደበበ አሰብ አደረገ። ከዚያ ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ፣ የልጅ ድምፅ አወጣና፣ ፈለቀ ዛፉ ላይ ሆኖ ለእናቱ የመለሰላትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራት ጀመር።