የእንዝርት አምባ ወፍ

እንዝርት አምባ መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ የቋጥኝ በር። ሌላው ዙሪያው ገደል ነው። በነሐሴ ደርቤ የሚባለው ገበሬ ከገብስ ማሳው ዳር በዱላ ተመትቶ ሞቶ ሲገኝ፣ ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ጠብመንጃ ያዥ አቁመው አውጫጭኝ ተቀመጡ። ገዳዩ እስኪታወቅ ሰውም ከብትም አይወርድም። ደባርቅ ላለው ፖሊስ እንዳይደወል እንኳ ኔትወርኩ ከደመናው ጋር ጠፍቷል።

የአውጫጭኝ ሕግ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ በየቀኑ ተራ በተራ ወደ ዳኛው ወደ አያ ሃብተ ጊዮርጊስ ጆሮ ይጠጋል። የሚያውቅ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ስም ይጠራል። ወፏ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የጠየቀ የተረገመ ነው።

ስጦታ ታውቅ ነበር። ምነው ባላወቀች! ወንድሟ ያርጋል በዚያ ማለዳ ምንጩ ዳር ከዱላው ላይ ደም ሲያጥብ በዓይኗ አይታዋለች። እሱም አይቷታል። ነገሩ ከደርቤ ጋር የድንበር ነው፤ የሁለት ክንድ መሬት! ሰው ለሁለት ክንድ መሬት ያብዳል?

ሁለት ቀን «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብላ ማለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ነበር። ግን የሦስት ዓመት ልጇን ሙሌን ሳንባ ምች ይዞት ደረቱ እንደ ወናፍ ይነሳል፣ ይወድቃል። ባሏ ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወርዷል።

«አያ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ! ደባርቅ ጤና ጣቢያ ላድርሰው!»

«ልጄ፣ አንቺን ካሳለፍኩ የደርቤ ዘመዶች ገዳዩንም አሳለፍክ ብለው አምባውን ያፋጁታል» አሏት፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ስም ይምጣ፤ በሩ ያኔውኑ ይከፈታል።»

እናቷ «ባል ይገኛል፣ ልጅም ይወለዳል፤ ወንድም ከየት ይገኛል?» ትል ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ አዝሎ ያሳደጋትም ያርጋል ነው። ግን እናቷ ያን ስትል የሙሌን ትንፋሽ አልሰማች!

በሦስተኛው ቀን ልጁ ውሃ እምቢ አለ። ስጦታ ተነሥታ ሄደች፤ ከሽማግሌው ጆሮ ተጠጋች።

«ወፍ ነገረችኝ… ያርጋል።»

አያ ሃብተ ጊዮርጊስ ቀና ብለው አዩዋትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያርጋል ሲያስሩት አልካደም። በሩም ተከፈተ። ታዲያ ያን ቁልቁለት በዝናብ ልጅ አዝሎ ማን ይውረድ? እናቲቱ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ሰዉ እርስ በርስ ሲተያይ ያርጋል ተናገረ።

«እጄን ፍቱልኝና ወገቤን እሰሩት። እኔም ያው ወደ ደባርቅ ነኝ፤ ልጁን ላዝለው።»

ጉድ ነው! የሟቹ ወንድም ክንዴ ራሱ የገመዱን ጫፍ ያዘ። ወረዱ። ያርጋል በባዶ እግሩ ድንጋዩን እየዳበሰ፣ ስጦታም ጭቃ ለጭቃ እየተንሸራተተች ከኋላው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ዞር ሳይል ጠራት።

«እታለም።»

«ወዬ።»

«ወፏን አልጠይቅም፤ ሕጉ ነው።» ልጁን ከጀርባው ከፍ አድርጎ አስተካከለው። «ግን ሁለት ቀን ሙሉ ምን አስቀመጣት? ልጁ እንዲህ እስኪሆን?»

ስጦታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ሙሌን በአጎቱ ጀርባ ላይ ሳል አጣደፈው።

«በይ እግርሽን አንሺ» አላት ያርጋል፤ «የደባርቁ መኪና እንዳያመልጠን።»