የእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ሁለተኛ ለቅሶ

«አሞሻል?» አለ ጌቾ።

«አላመመኝም።»

«ሰርግ አለብሽ?»

«የለብኝም። የጀመርኩት ሥዕል አለ፤ በቀን ብርሃን ካልሆነ አልጨርሰውም። አንድ ቀን ብቻ ስጠኝ።»

ጌቾ የስፌት ቤቱ ባለቤት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠራተኛ ሲታመም ሐኪም ቤት ድረስ በራሱ ገንዘብ ባጃጅ ተከራይቶ ይወስዳል። ይህን ጥያቄ ግን ከየትኛው ወገን እንደሚይዘው ጠፋበት። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ዘቢደርን ትክ ብሎ አያትና ሳቀ። «ዘቡ፣ በሞቴ፣ በነሐሴ? መስከረም ይጥባና አንድ ቀን አይደለም፣ ሳምንቱን ሙሉ ሣዪ!»

አምናም ያላት ይህንኑ ነበር። መስከረም ሲጠባ የመስቀል ልብስ ይመጣል፣ ከዚያ የጥር ሰርግ፣ ከዚያ ፋሲካ። ዘቢደር ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ ተቀመጠች።

ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው በዚያ ስፌት ቤት፣ አንዱ እጅጌ ይሰፋል፣ ሌላው ኪስ፣ ዘቢደር ኮሌታ። ዓመቱን ሙሉ ኮሌታ። በተለይ ፍልሰታ ተፈትቶ ትምህርት እስኪከፈት ባለው ጊዜ የከተማው ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም ስለሚያሰፋ፣ ጠዋት የገባች ማታ ነው የምትወጣው፤ ያን ጊዜ ወገቧ የሷ አይደለም። እሑድ አለ እንዳይባል፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የማኅበር ነው፣ የዕድር ነው፣ የልብስ አጠባ ነው፣ የአራስ ጥየቃ ነው፣ የሰው ለቅሶ ነው። ከዚያ የተረፈችው ቁራጭ ለእንቅልፍ ትሄዳለች፤ እሷም አትበቃም።

እንግዲህ ይህች ሴት ሥዕል ትሥላለች። የሚያውቅባት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ልጅ ሳለች እናቷ ሞታባት መርጡለ ማርያም ያሳደጓት አክስቷ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ነበሩ። ግድግዳውን በከሰል ስትሞነጫጭርባቸው አልተቆጧትም፤ ሲሞላ ለቅልቀው ያደርቁትና «በይ እንግዲህ ቀጥይ» ይሏት ነበር። ከሞቱ ስምንት ዓመታቸው ነው። ፎቶግራፍ የላቸውም። «እኔ ከዓለም ወጥቻለሁ፣ ምን መልክ አለኝና» እያሉ አንድም ቀን ካሜራ ፊት ሳይቆሙ አለፉ።

ዘቢደር መልካቸውን በልቧ ይዛ ኖረች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን መልኩ ይሸሻት ጀመር። ማታ ጋደም ብላ ስትፈልጋቸው ቆባቸውና ነጠላቸው ይመጣል፤ ፊቱ ግን ባዶ ነው። ቀን ሙሉ ያፈጠጠችበት ነጭ ኮሌታ ነው በቦታው የሚደቀንባት። ይህ ነገር ከምንም በላይ አስፈራት። እሷ ከረሳቻቸው እማሆይ ሌላ የሚቀመጡበት ቦታ የላቸውም።

ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ቀለምና ብሩሽ ገዛች፤ ከአናጺ ቤት ለሰሌዳ የሚሆን ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ለመነች፤ ጀመረችም። ችግሩ ብርሃን ነው። መጽሐፍ ቢሆን በአምፖልም ይነበባል። የሰው ፊት ግን በአምፖል ተሠርቶ ጠዋት ሲታይ ወባ የያዘው ይመስላል። የዘቢደር የኪራይ ክፍል ያላት መስኮት አንዲት ናት፤ በሷም ብርሃን የሚገባው ዘቢደር ሥራ ከገባች በኋላ ነው፣ የሚወጣውም ሳትመለስ።

ጌቾ የሳቀባት ዕለት ማታ፣ ጭቃው ውስጥ የቀረ ጫማዋን ጎንበስ ብላ እየሳበች ሳለ ነው ሐሳቡ የመጣላት። በዚህ አገር ማንም ለምን የማይለው አንድ ምክንያት አለ፤ ለቅሶ። በሕይወት ያለውን ሰው ሞተ ብሎ ማውራት ሟርት ነው፤ እሷ ደግሞ ለማንም ክፉ አትመኝም። የሞተን ሰው ሞተ ማለት ግን ምኑ ውሸት ነው?

በማግስቱ፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ደወለች። «ጌቾ፣ አክስቴ አርፈውብኝ… መርዶው ገና አሁን ነው የደረሰኝ። ቀብሩ አልፏል። ዛሬ መግባት አልችልም።»

«እግዜር ያጽናሽ፣ እቴ» አለ ጌቾ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ኀፍረቱ ግን ብዙ አልቆየም። ደግነቱ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ በመስኮቷ ያን ሁሉ ጊዜ አይታው የማታውቀው ብርሃን ገብቶ አልጋዋ ላይ ተኝቷል። ሰሌዳውን ከአልጋው ሥር አውጥታ ተቀመጠች። የጠፋው አፍንጫ መጣ። ጉንጩ መጣ። ከንፈሩ ጥግ ላይ ያለችው፣ ሊስቁ ሲሉ የምትከዳቸው መስመር እንኳ መጣች። ዘቢደር ሥራ ላይ ሆና ወገቧን ያላመማት የዚያን ዕለት ብቻ ነው። ዓይኖቹን ግን ፈራቻቸው፤ ለመጨረሻ አቆየቻቸው። ቡናማውን ከቢጫ እየቀላቀለች፣ በይ አሁንስ እያለች ራሷን ስታደፋፍር፣ ከደጅ ዋይታ ተሰማ።

ዘቢደር ያሰላችው ስሌት እንዲህ ነበር፤ ጌቾ ለሰው ሰዓት አይሰጥም፣ ሠራተኛው ቀና ለማለት ጊዜ የለውም፣ ስለዚህ ለቅሶ የሚደርስ ቢኖር እሑድ ነው፣ የእሑዱን እሑድ ያውቃል። ደክሟት ነው እንጂ እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሠራ ጎጃሜ አይገኝም። ለዩኒፎርም ብሎ እንቅልፉን የሚተው ጌቾ፣ የሠራተኛዬ አክስት ሞቱ ብሎ መኪናዎቹን በሙሉ አስጠፍቶ፣ ስፌት ቤቱን ቆልፎ፣ ሰዉን በባጃጅ ጭኖ መጥቷል። ሥዕል አንድ ቀን አያወጣም፤ ለቅሶ ግን ያንን ሁሉ መኪና ያቆማል።

የግቢው ባለቤት እማማ ማሬ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። «ምነው ዘቢደርዬ! ግድግዳ ለግድግዳ ሆነን ሳትነግሪኝ!» ብለው አንገቷ ላይ ወደቁ። ሰሌዳውን ለመደበቅ ፋታ አላገኘችም። እማማ ማሬ ከትከሻዋ በላይ አዩት።

«እኚህ ናቸው? ወይኔ፣ መልካቸው!»

ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ነጭ ነጠላ ነጠፈ፤ ሥዕሉ ግድግዳ ተደግፎ ለቀስተኛው እንዲያየው ቆመ። ዓይን የሌለው መሆኑን ማንም ልብ አላለም፤ ልብ ያለም እንደ ነውር ቆጥሮ ዝም አለ። እማማ ማሬ ጎንበስ ብለው የእማሆይን ግንባር ሳሙ። ቀና ሲሉ ከንፈራቸው ቡናማ ሆኗል፤ የእማሆይ ግንባርም ተዥጎርጉሯል። ዘቢደር ልትስቅ ይሁን ልትጮህ ለራሷም አልታወቃት።

ከፍራሹ ላይ አስቀመጧት። መጀመሪያ እንባ እምቢ አላት። ቀና ስትል ግን ብርሃኑን አየችው። ያን የመሰለ ብርሃን፣ ነሐሴ በዓመት አንዴ የሚሰጠው ብርሃን፣ በለቀስተኛው ጀርባ ላይ በከንቱ ይፈሳል። ያን ጊዜ ሆድ ባሳት። ለእማሆይ አይደለም ያለቀሰችው። ለቀኗ ነው፤ ለዚያ ቀንና ከዚያ በፊት ኮሌታ ሆነው ላለቁት ቀኖቿ ሁሉ ነው። በአፏ የእማሆይን ስም እየጠራች፣ እየጮኸች አለቀሰች። እሷን አይቶ ቤቱ በሙሉ አነባ። እጅጌ ሰፊዋ የወንድሟን ስም ጠራች፣ ኪስ ሰፊው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፣ ጌቾ በሩን ተደግፎ እናቱን እያነሣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሁሉም የየራሱን ሰው ነበር የሚያለቅሰው፤ ያስቀመጠው እንባ ብዙ ነበር፣ ማውጫ ጊዜ አጥቶ።

ሲወጣ ጌቾ ዓይኑን በእጁ አብሶ፣ «እስከ ሣልስቱ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ። እትዬ ሸጊቱ አብረውሽ ይሆናሉ» አላት።

እትዬ ሸጊቱ ቁልፍ የሚተክሉት አሮጊት ናቸው። ከዘቢደር ጎን ተቀምጠው ሁለት ክረምት ሰፍተዋል፤ በዚያ የመኪና ጩኸት ውስጥ ግን ማን የማን አገር ሰው እንደሆነ የሚጠያየቅ የለም። ነጠላቸውን ተከናንበው ጥጉን ያዙ።

እንግዲህ ሦስት ቀን ተሰጣት፤ ስትለምነው የኖረችው ሦስት እጥፍ ሆኖ። ከሦስቱ ግን አንዲት ሰዓት የሷ አልሆነችም። ዕድሩ አግዳሚውን አምጥቶ ደረደረ። ጎረቤት ንፍሮና ዳቦ ይዞ ይገባል፤ የማኅበሩ ሰዎች ገቡ፤ ከዚህ በፊት ሰላምታ እንኳ ያልሰጧት የማዶ ቤት ሰዎች ገቡ። «በምን አረፉ?» ይሏታል። «በእርጅና» ትላለች። «ደግ ነበሩ?» ይሏታል። ትናገራለች። ሐዘንተኛ ብሩሽ ይዛ ብትታይ አብዳለች ይባላል። ስለዚህ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ፣ ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛውን ዞሮ ሲወጣ በዓይኗ ትሸኘዋለች። ኮሌታ ስትሰፋ ቢያንስ አታየውም ነበር። እንዲህ ያለ ድካም በሕይወቷ ደክሟት አያውቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ለቀስተኛ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ወጣ። ዝናቡም አባርቷል። ጌቾ ደውሎ፣ እየተሳቀቀ፣ ኮሌታው ተራራ ማከሉንና ነገ ጠዋት ብትገባ ደስ እንደሚለው ነግሯታል። እትዬ ሸጊቱ ብርጭቆ እየሰበሰቡ ነበር።

«እማሆይን የቀበርናቸው በዝናብ ነበር እኮ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ጉድጓዱ ውሃ እየሞላ ወንዶቹ በጣሳ ሲጨልፉ፣ ፍትሐቱ ሁለቴ ተቋረጠ።»

ዘቢደር ከፍራሹ ቀና አለች። «እርስዎ… መርጡለ ማርያም ነበሩ?»

«ተወልጄ ያደግሁ። ወደዚህ የመጣሁ ከዚያ ወዲህ ነው። ረቡዕ ስማቸውን ስትጠሪ አወቅኋቸው፤ አንቺንም ያን ጊዜ ነው የለየሁሽ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ነገ በስፌት ቤቱ፣ በዕድሩ፣ በማኅበሩ ምን እንደሚባል ታያት፤ ያ ሁሉ እንባ፣ የጌቾ እናት፣ የእማማ ማሬ ከንፈር። «ታዲያ ለምን አላጋለጡኝም?» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

እትዬ ሸጊቱ ብርጭቆዎቹን መሬት አስቀምጠው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

«ሦስት ቀን ተቀመጥኩ፣ ልጄ። ሰው ምግብ አቀረበልኝ። ከተዳርኩ ወዲህ እንዲህ ቁጭ ማለቴን አላስታውስም፤ አራስ ሆኜ እንኳ ወፍጮ ላይ ነበርኩ። ትናንት እዚያ ጥግ ሆኜ ዝናቡን ስሰማ ዋልኩ፣ ዝም ብዬ። ዝናብ ሲሰሙት ደስ እንደሚል ረስቼው ኖሯል። እንዴት ብዬ ላጋልጥሽ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ መለሱ። «ይልቅ ተነሽ። ብርሃኑ ሳይሄድ ሥሪ። ዕቃውን እኔ አጥባለሁ።»

«ዓይናቸው ጠፋብኝ» አለች ዘቢደር።

«ጥቁር አልነበረም። ወደ ማር የሚያደላ ነው። ሲቆጡ እንኳ ዓይናቸው ሳይቆጣ ይቀር ነበር፤ ያኔ እኛ የአገሩ ልጆች ለዚያ ነበር የማንፈራቸው።»

እውነት ነው። ሳይቆጣ ይቀር ነበር። እማሆይ በከሰል የጠቆረ ግድግዳቸው ፊት ቆመው፣ አፋቸው ሊገሥጽ ተከፍቶ፣ ዓይናቸው ሌላ ነገር ሲናገር፣ ሙሉ ሆነው መጡላት። ዘቢደር ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወርውራ ሰሌዳውን መስኮቱ ሥር አቆመችው። ከጓሮ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። ከቀኙ ጀመረች። ቅንድቡን፣ ሽፋሽፍቱን፣ የማሩን ቀለም፣ መሐሉ ላይ የብርሃኗን ነጥብ። ያቺን ነጥብ ስታሳርፍ አክስቷ በአንድ ዓይናቸው ቀና ብለው አዩዋት። ከስምንት ዓመት በኋላ አዩዋት። አሁን ያለቀሰችው ለእሳቸው ነው፤ ድምፅ ሳታሰማ።

ግራውን ልትጀምር ቀለም ስትነክር ቡናማውን ከጥቁሩ መለየት አቃታት። ዓይኗ መስሏት አሸችው። መስኮቱ ነው፤ መሽቷል። መብራቱን ማብራት ይቻል ነበር፤ ወባ የያዘው ዓይን ግን ለእማሆይ አይገባም። ብሩሹን አስቀመጠች።

እትዬ ሸጊቱ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ ገብተው ከጀርባዋ ቆሙ። ብዙ ጊዜ አዩት።

«እሳቸው ናቸው» አሉ በመጨረሻ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ለግራውስ ማን ይሙትልሽ?» አሉ።

ዘቢደር መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ግን ብሩሹን በውሃ እያለቀለቀች፣ ደብረ ወርቅ በኩል ያሉትን የሞቱ ዘመዶቿን አንድ በአንድ ታስታውስ ጀመር።