ከፋብሪካ እንደ ወጣ

አዬዮ ኸድራ ለልጅ ልጃቸው የማይፈሩላት ነገር የለም። የሐርጌሳን አቧራ ይፈሩላታል፣ በደንብ ያልፈላ ወተት ይፈሩላታል፣ ከትምህርት ቤት የሚመልሳትን የሚኒባስ ሾፌር ዓይን ሳይቀር ይፈሩላታል። ኮምፒውተርን ግን ፈርተውላት አያውቁም። እዚያ ውስጥ የሟች ልጃቸው የሂባቅ ድምፅ ነበር። ድምፅ ደግሞ ማንን ይነክሳል?

ሂባቅ ሕመሙ ሳይጥላት፣ ገና ቁጭ ማለት በምትችልበት ጊዜ፣ ለልጇ ለኢዲል ተረት እየቀዳች አስቀመጠችላት። ስልክ ሲደወል ተረቱን የሚያሰማውን ማሽን የተከራየችውም ያሰናዳችውም ራሷ ነበረች፤ ሙያዋ ነው።

«ሰርቨር ነው፣ ሆዮ» ብላቸው ነበር እናቷን። «ግን የሚዳሰስ አይደለም። አንዱን ትልቅ ማሽን ግድግዳ በሌለው ክፍል ከፋፍለው ያከራዩታል። የኔ አንዷ ክፍል ናት።»

ኢዲል ራቷን እንደበላች ትደውላለች። «ኢዲል፣ በልተሻል?» ይላል መጀመሪያ የእናቷ ድምፅ። ልጅቷም «በልቻለሁ» ትላለች። ከዚያ ጅቡና ቀበሮዋ ይመጣሉ።

አንድ ምሽት ግን የወንድ ድምፅ መጣ። «እንኳን ደስ ያለዎት! ዕጣ ወጥቶልዎታል!» ልጅቷ ስልኩን ጥላ አለቀሰች።

በማግስቱ የልጅቷ አባት ሊባን፣ ጉሌድ የሚባል ባለሙያ ይዞ መጣ። ጉሌድ ሰርቨሩን የሚያከራየው ድርጅት ሠራተኛ ነው። ምንጣፉ ላይ ኮምፒውተሩን ዘርግቶ አንገቱን እየነቀነቀ ብዙ ቆየ።

«ሌባ ገብቶበታል» አለ በመጨረሻ። «ተረቶቹን ጠርጎ የራሱን ጓዝ አስገብቷል። ይኸው አሁንም ለስንቱ ምስኪን እየደወለ ያጭበረብርበታል። ግን በምን ገባ? መግቢያው ወደ ሟቿ ስልክ የሚላክ የምስጢር ቁጥር ነው። ስልኩ ማን ጋ ነው ያለው?»

የአዬዮ ኸድራ እጅ ሳያስቡት ወደ ጉያቸው ሄደ። የልጃቸው ስልክ አንድም ቀን ባትሪው እንዲያልቅ ፈቅደው አያውቁም።

«እኔ ጋ ነው» አሉ። «ቁጥሩንም ያነበብኩለት እኔው ነኝ።»

«ለማን?» አለ ሊባን።

«ለአጎቴ የልጅ ልጅ። ደወለና፣ አክስቴ፣ እኔ ማሽኑን የሚያከራየው ቤት ነው የምሠራው፤ የሂባቅ ድምፅ ዛሬ ሊጠፋ ነው፤ አሁን የሚመጣልዎትን ቁጥር ካነበቡልኝ አድነዋለሁ አለኝ። እኔም እንዳልሞኝ፣ መጀመሪያ ማን ነህ አልኩት። ዘሩን ቆጠረልኛ! ዋርሳሜ ጃማ ኤልሚ ሮብሌ ሺርዶን። ሮብሌ ላይ ተገናኘን፤ የአባቴ አባት ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ልጠይቀው?»

ጉሌድ ሳቁን ሊውጠው ሞክሮ አቃተው። «አዬዮ፣ እኛን የይለፍ ቃል ስምንት ፊደል ይሁን ብለው ነው ያስተማሩን። እርስዎ በአምስት ስም ከፈቱለት!»

«ሳቅ፣ ሳቅ። ያንተ እናት ብትሆን በሦስት ትከፍትለት ነበር።»

ሊባን አልሳቀም። አማቱን ቀና ብሎ ተናግሯቸው አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ድምፁ ከፍ አለ። «የአያት ስም እኮ ሰርግ ቤት ተቀምጦ ይለቀማል! ምን ዘመድ አለ እዚህ ውስጥ? አጭበርባሪ ነው!»

«አጭበርባሪ ያድርገው» አሉ አዬዮ ኸድራ። ከልባቸው ነው። ባዕድ ከሆነ እስኪበቃቸው ይረግሙታል።

ጉሌድ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁን መንገዱ አንድ ነው። ማሽኑን ፋብሪካው እንዳሰናዳው አድርጎ ወደ መጀመሪያ ይዞታው መመለስ። ከሌባው ጋር የሂባቅም ነገር ሁሉ ይሄዳል። እምቢ ካላችሁ ድርጅቱ ክፍሉን ያፈርሰዋል፤ ያኔ የሚደወልበት ስልክ ቁጥርም አይቀርም።»

«ሌላ ቦታ የተቀመጠ ግልባጭ የለም?» አለ ሊባን።

«ነበረ። እሱንም አግኝቶታል። የተጠረገ ነገር ደግሞ አዲስ እስኪጻፍበት ፍርስራሹ ይቆያል፤ እሱን ስፈልግ ነው የዋልኩት። አንዲት ቁራጭ አገኘሁ። ላሰማዎት፣ አዬዮ?»

በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ።

መጀመሪያ እንደ ነፋስ ያለ ሽውታ ተሰማ። ከዚያ ሳል። ደረቅ፣ ከሥር የሚነሳ፣ መሐል ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሳል። አዬዮ ኸድራ የልጃቸውን ጀርባ ደግፈው የሰነበቱበት ያ ሳል ነው። ከዚያ ፀጥ አለ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ወደ ስልኩ ላውጣልዎት?»

ሊባን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከግቢው ኢዲል ገመድ ስትዘል፣ ስትቆጥርም ይሰማል። አዬዮ ኸድራ የሚመጣውን አዩት። ልጅቷ አንድ ቀን ስልኩን ስትነካካ ታገኘዋለች፤ እናቷን በሳሏ ታውቃታለች፤ ሌላው ሁሉ ተረስቶ እሱ ይቀራል።

«ይህን ልጅ አይሰማም» አሉ። «አጥፋው።»

«ሆዮ፣ ሌላ የለንም እኮ» አለ ሊባን።

«አጥፋው አልኩ!»

ጉሌድ ቁልፉን ተጫነው። የቀረበለት ሻይ እንኳ አልቀዘቀዘም። «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሆኗል» አለ፣ የምሥራች የሚነግር ይመስል።

ሰዎቹ ሲወጡ አዬዮ ኸድራ ቡርዖ ላለችው ዘመዳቸው ደወሉ። ጃማ ኤልሚ፣ ዋርሳሜ የሚባል ልጅ አለው ወይ?

«አለው እንጂ!» አለች ዘመዳቸው። «ኮምፒውተር የተማረው! እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለሽ! ስልክሽን ሲጠይቀኝ አክስቱን ሊጠይቅ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደወለልሽ?»

«ደወለልኝ» አሉና ዘጉ።

ጃማን እንዴት ይረሱታል? በጦርነቱ ጊዜ ከሐርጌሳ ሲሸሹ ሂባቅን፣ ያኔ ገና ጡት ያልጣለችዋን፣ በትከሻው ተሸክሞ ሐርተሼክ ስደተኞች ጣቢያ ያደረሳት እሱ ነው። ልጁን ቢረግሙ እርግማኑ በዚያ ትከሻ ላይ ሊያርፍ ነው። አፋቸው ላይ ያሰናዱትን ዋጡት። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል። የተንከባለሉበት አመድ ግን የልጃቸው ድምፅ ነበር።

ምሽቱን ኢዲል ራቷን በልታ ደወለች። የባዕድ ሴት ድምፅ፣ በጥርት ያለ እንግሊዝኛ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ የተቀዳ መልእክት የለም አለ። ልጅቷ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«አዬዮ፣ ማን ናት?»

«ከፋብሪካው የመጣች ናት።»

«ተረቱን መቼ ነው የምትጀምረው?»

አዬዮ ኸድራ እውነቱን ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ ፈሩላት። «ነገ ይሆናል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ኢዲል ሳትደውል አታድርም። «በልቻለሁ» ትላለች ለሴትዮዋ፣ ሳትጠየቅ፤ ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ያን ጊዜ አዬዮ ኸድራ ጓዳ ገብተው በሩን ይዘጋሉ፤ አፋቸውን በሻርፓቸው አፍነው ያንን ሳል ለመሳል ይሞክራሉ። አይመጣላቸውም።