የሮበሌ ዋስ

ሮበሌን የሰደበው ነጋ ነው። ካቻምና በመስቀል ማግስት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ጀርባ ባለችው የውብነሽ ሻይ ቤት፣ እቁብ ተጥሎ ዕጣ ሊወጣ ሲል። ሮበሌ ቀኑን ብቻ አይደለም የሚያስታውሰው፤ ሰውየው ያኔ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉር እንደነበርም አይረሳም። የመጨረሻ ልጁ ቢሊሱማ የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ማለፉን የሰማው በዚያ ሰሞን ነበርና ደስታው ከአፉ አምልጦት «ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ ገቡልኝ እኮ!» ቢል፣ ነጋ ስንጥሩን እንኳ ከአፉ ሳያወጣ፦

«ሦስት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልታስተምር? አንተ ምን ቤት ነህ? አንዷን አስተምርና ሁለቱን አጣና አሸክማቸው እንጂ!» አለው።

ሰው ሳቀ። የእቁቡ ዳኛ ሐጂ ኢድሪስ እንኳ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። ጎሚስታው ሳዳም ደግሞ «ባለ ሦስት ዲግሪው!» ብሎ የራሱን ጨመረበት። ማን ጮክ ብሎ፣ ማን አፉን ሸፍኖ እንደሳቀ ሮበሌ አንድ ባንድ ይዞታል።

ከዚያ ወዲህ ነጋን ሰላም ብሎት አያውቅም። የነጋ የግንባታ ዕቃ መደብርና የሮበሌ አጣና መሸጫ ፊት ለፊት ናቸው። ሰላም ለማለት መንገድ መሻገር አያስፈልግም፤ ቀና ማለት ይበቃል። ሮበሌ ግን ቀና አላለም።

ከአባቱ እርሻ የተረፈው የመኖሪያ አጥሩና አንዲት የምትታለብ ላም ናት። ሌላው ሁሉ ፎቅ በቅሎበታል። በዚችው ነው ሦስት ልጅ የሚያስተምረው። «መንግሥት ያበላቸዋል፣ ያስተኛቸዋል፣ ምን ጎደለህ?» ይለዋል የማያውቅ ሰው። ካፌ ቢበሉም ማታ ይርባቸዋል። ሳሙናው፣ ፎቶ ኮፒው፣ የስልክ ካርዱ፣ ጫማው፣ የአውቶቡሱ ሒሳብ፣ ይህን ማን ይክፈለው? ሮበሌና ሚስቱ ገላኔ ይህን ሁሉ የያዙት በራሳቸው ዘዴ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ምንጭ ተመድቦለታል። የላሟ ወተት የሶሬቲ ነው፤ የአጣናው ትርፍ የቦና፤ ለሚኒባስ ሹፌር የተከራየችው የፊት ክፍል የቢሊሱማ። በሶና ዳቦ ቆሎው የገላኔ እጅ ነው፣ ለሦስቱም ይከፈላል። ሶሬቲ ስትደውል ወተቱ ስንት እንደተሸጠ ነው መጀመሪያ የምትጠይቀው።

ዘንድሮ ግን ላሟ ነጠፈች። ላሟ ነጠፈች ማለት ሶሬቲ ደረቀች ማለት ነው። ሠሪው ሁሉ ደግሞ በብረት መወጣጫ መሥራት ስለጀመረ አጣናው ፀሐይ እየመታው እዚያው ተደግፎ ቀረ። ሦስቱ ልጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደየግቢያቸው ሊመለሱ ነው፤ የቀረው ተስፋ እቁቡ ብቻ ነበር።

እሁድ ዕለት ውብነሽ የተጣጠፈችውን ወረቀት ከሳጥኑ አውጥታ ፈታችና፣ «ሮበሌ!» አለች።

እቁቡ ደረሰው።

«እንኳን ደስ አለህ» አሉት ሐጂ ኢድሪስ። «እንግዲህ ዋስህን ይዘህ ና። ከኛው ከእቁብተኛው፣ ሱቅ ያለው ሰው መሆን አለበት። እስከ ነገ ማታ ካልመጣህ ዕጣው ይደገማል። ደንቡን ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። አንዱ ከዓመታት በፊት በልቶ ከጠፋ ወዲህ የወጣ ደንብ ነው፤ ሮበሌም እጁን አውጥቶ ደግፎታል። ሐጂ ዳኛ ናቸውና ዋስ አይሆኑም። ከቀሩት ሦስት ባለ ሱቆች ነጋ አይታሰብም፤ ሌላው ባለ ወፍጮው ሉቃስ ነው፤ ሉቃስ የሮበሌ እናት ሲቀበሩ ሚስቱን ልኮ እሱ ወፍጮውን ሲያስፈጭ የዋለ ሰው ነው። ሮበሌ ደጃፉ ድረስ ሄደ፤ የወፍጮውን ድምፅ ሲሰማ ያ ቀን ትዝ አለውና ተመለሰ።

ሳዳም ዘንድ ገባ።

«ኧረ ሮቤ! ምን እግር ጣለህ?» አለው ሳዳም፣ ከተፈታ ጎማ ላይ ቀና ብሎ።

«ዋስ ሁነኝ ልልህ ነው።»

ሳዳም እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሚስቴ የወለደች ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ ጠየቀኝ። አንተ በዚህ በደጄ አልፈህ ሄድክ። ምን አድርጌህ ነው?»

«አላየሁህ ይሆናል።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

ሮበሌ የዚያን ቀን ሳቅህን አልረሳሁም ይበለው እንዴት?

«ቅር አይበልህ ወንድሜ» አለ ሳዳም፣ ወደ ጎማው እየተመለሰ። «ዋስ የሚኮነው ለሚያውቁት ሰው ነው። እኔ አንተን አላውቅህም እኮ።»

ሰኞ ምሳ ላይ፣ ቦናና ቢሊሱማ ሻንጣቸውን ሲያስሩ ሶሬቲ የራሷን አልነካችም።

«አባ» አለች፣ «እኔ ዘንድሮ ዊዝድሮው ሞልቼ ትምህርቱን ላቋርጥ። አንድ ዓመት ልሥራና እነሱ ይሂዱ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ካሸር። እዚያ ነጋ መደብር ማስታወቂያ ለጥፈዋል።»

ገላኔ ሳህኑን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ሮበሌ ከማዕዱ እጁን አነሳ። ከሦስቱ በማርክ የምትበልጠው እሷ፣ ልትመረቅ ዓመት የቀራት እሷ፣ ከነጋ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ሚስማር ስትመዝን ታየው። ሰውየው ቃሉ ሊሞላለት ነው!

«ሻንጣሽን እሰሪ» ብሏት ወጣ።

ነጋ ለአንድ ቀለም ገዢ ዋጋ እየነገረ ነበር። ሮበሌ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ገዢው ሲከራከር፣ ሲስማማ፣ ደግሞ ሲከራከር ጠበቀ። በመጨረሻ፣

«ነጋ» አለ። ስሙ በአፉ ውስጥ ሻከረው። «እቁብ ደርሶኛል። ዋስ እፈልጋለሁ።»

ነጋ አላቅማማም። «በናትህ! ለዚህ ነው እንደ ለማኝ በር ላይ የቆምከው?» ብሎ ቁልፉን ለሠራተኛው ወረወረና «እንሂድ» አለ።

ሮበሌ ይሄን አልጠበቀም። ሊለመን የሚፈልግ ነጋ፣ የሚያንጓጥጥ ነጋ ነበር የጠበቀው፤ ለዚያ ነበር ጥርሱን ነክሶ የመጣው። ዝም ብሎ መከተሉ አቃተውና መንገድ ላይ፣

«ካቻምና ምን እንዳልከኝ ረሳኸው?» አለ።

«ምን አልኩህ?»

«ምን ቤት ነህ አልከኝ። በመስቀል ማግስት። ልጆችህን አጣና አሸክማቸው አልከኝ።»

ነጋ ቆሞ አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው። «ማርያምን፣ አላስታውስም። ብዬ ይሆናል፤ እኔ ስንቱን እላለሁ!» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ሮበሌ የተዘረፈ መሰለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲተኛም ሲነሳም የተሸከመውን ነገር፣ ባለቤቱ ጭራሽ አያውቀውም። ሰድቦት፣ ጥርሱን ጎርጉሮ፣ ቤቱ ገብቶ እንቅልፉን ተኝቷል።

ሻይ ቤቱ ሰው አላጣም። ሐጂ ኢድሪስ ከጥግ፣ ሉቃስና ሳዳም ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ነጋ ፈረመ። ሐጂ ብሩን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው፣ «ለልጆችህ የበረከት ያድርግልህ» ብለው ሰጡት። ሮበሌ በሁለት እጁ ተቀበለ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት?

«እናንተ፣ ይሄን ሰማችሁ?» አለ ነጋ፣ ወንበር እየሳበ። «ሰውዬው ሁለት ዓመት ሰላምታ የነሳኝ ካቻምና ቀልደህብኛል ብሎ ነው! እኔ እኮ ጆሮው የደነቆረ መስሎኝ ለሚስቴ ሁሉ፣ ያ ምስኪን መስማት አቆመ እላት ነበር!»

ሳቁ። ያው ሰዎች፣ ያው አሳሳቅ።

«ይኸው ዛሬ ዋሱ ማን ሆነ? እኔ!» ነጋ ጭኑን መታ። «እንግዲህ ሦስት ልጅ ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው እኔ ነኝ በሉኛ! ውብነሽ፣ ለሁሉም ሻይ ቅጂ፣ በልጆቼ ስም ነው!»

«እንኳን ደስ ያለህ፣ የምሁራን አባት!» አለ ሳዳም። ወደ ነጋ ዞሮ ነው ያለው።

«ሶሬቲ ስትመረቅ ጋውኗን እንደለበሰች መጀመሪያ የምትመጣው እኔ መደብር ነው። ፎቶውን ከባንኮኒው በላይ እሰቅለዋለሁ። አይደል ሮቤ?»

ሁሉም ሮበሌን አዩት።

የሚለው ነበረው። ጎህ ሳይቀድ ስለታለበችው ላም፣ ለቢሊሱማ ሲባል ተለቅቃ ስለተከራየችው ክፍልና ሦስቱ ልጆች ለዕረፍት ሲመጡ ሳሎን መሬት ላይ ስለመተኛታቸው፣ ገላኔ ለራሷ ነጠላ ሳትገዛ ስላሳለፈቻቸው በዓላት። አንዱን ቢጀምር ሌላው ይከተል ነበር። ግን ፊርማው አሁን ተፈረመ። እቁቡ እስኪያልቅ በየእሁዱ እዚህ ይመጣል፣ ከዚህ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ አንድ እሁድ ቢያጓድል የሚጠየቀው ይሄው ሰው ነው። ልጆቹም ረቡዕ ይሄዳሉ፤ ሦስቱም።

«ለዋስህ ምርቃት እንኳ የለህም?» አለ ነጋ፣ እየሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ይበልጥ ያንገበገበውም ይሄው ነው። «ሮቤ! አንተን እኮ ነው! ታረቅን ወይስ አልታረቅንም?»

ውብነሽ ሻዩን ከፊቱ አስቀመጠችለት። ሮበሌ ፌስታሉን ከኮቱ ሥር ሸጎጠ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ብርጭቆውን ሳይነካ ተነሥቶ በነጋ አጠገብ አልፎ ወጣ።